ሙቀት የማይበግረው መሣሪያ ፍለጋ

በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሽሩም ስፕሪንግ የሚባል ፍል ውሃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቶማስ ብሮክ ቆዳ ከሚልጠው ከዚህ ውሃ ናሙና ወሰዱ። ያኔ ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ይማር የነበረው ተማሪያቸው ሃድሰን ፍሪዝ ናሙናውን ቤተ ሙከራ አስገብቶ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፋፋ ቢጫ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። በ1969 ሁለቱ ቴርመስ አኳቲከስ ብለው ሰየሙት፤ ዘሩንም ማንም ተመራማሪ ጠይቆ እንዲወስደው በአሜሪካ ለሚገኝ የተህዋስያን ማከማቻ አስረከቡ። የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1976 ከዚሁ ባክቴሪያ ዲኤንኤ የሚያባዛውን ኢንዛይም፣ በአጭር ስሙ ታክን፣ አጣርተው አወጡ። ካሪ ሙሊስ በ1983 ሲተስ በተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ ዲኤንኤን በዙር እያሞቁ የማባዣ ዘዴ የሆነውን ፒሲአርን ሲያፈልቁ የሚሠሩበት፣ ኢ. ኮላይ ከተባለው የቤተ ሙከራ ባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይም ዲኤንኤውን ለማላቀቅ በተሞቀ ቁጥር ይሞትባቸው ስለነበር በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነበር። በ1988 ታክ ሲተካው ሥራው ለማሽን ተተወ። ሮሽ የፒሲአርን መብት በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ሙሊስ በ1993 ኖቤል ተሸለሙ። ውሃው የተቀዳበት ፓርክ ሳንቲም አልደረሰውም።

ይህ ታሪክ እውነት ነው፤ አሳሳችም ነው። ሰሚው ይዞት የሚሄደው ሐሳብ ፍል ውሃ የተዘጋ ግምጃ ቤት እንደሆነ፣ ቆፍሮ ያገኘ እንደሚበለጽግ ነው። በታክ ታሪክ ውስጥ ግን ባክቴሪያው ራሱ ምንም አልሆነም። ማንም ጂኑን አልነካም፣ አኗኗሩን አልለወጠም፣ አንድ ክፍሉን ነቅሎ ምን እንደሚጎድልበት አላየም። አንድ ኢንዛይም ከውስጡ ወጣ፤ በ1989 ደግሞ ጂኑ ተገልብጦ በኢ. ኮላይ ውስጥ መመረቱ ሲታተም ቴርመስ አኳቲከስ ለገበያው የማያስፈልግ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ምንጮች ብዙ ሙቀት ወዳድ ተህዋስያን ተገኝተዋል፤ የብዙዎቹ ጄኖምም ከዳር እስከ ዳር ተነብቧል። ሆኖም ከእነዚህ ውስጥ ሰው ጂናቸውን እንዳሻው ሊቆርጥና ሊተካ የሚችለው በጣም ጥቂቶቹን ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት ይህን ዘርፍ የያዘው እጥረት የምንጭም የተህዋስያንም የጄኖምም አይደለም፤ የመሣሪያ ነው። ትርፉም ክብሩም አነስተኛ የሆነው የመሣሪያ ሥራ ከአዲስ ዝርያ አደን ይልቅ ገንዘብና ትዕግሥት ሊመደብለት ይገባል የምለውም ለዚህ ነው።

መሣሪያ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። የአንድን ባክቴሪያ ጂን ለመለወጥ አዲስ ዲኤንኤ ወደ ውስጡ መግባት አለበት፤ ከገባም በኋላ ሳይቆራረጥ መቆየት፤ ከብዙ ሚሊዮኖቹ መካከል የተቀበሉትን ጥቂቶች ከቀሩት የሚለይ ምልክት መኖር፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ሴል ለብቻው ተባዝቶ የሚታይበት ጠጣር ገጽ መገኘት አለበት። ለኢ. ኮላይ ይህ ሁሉ ከካታሎግ ይገዛል። በ37 ዲግሪ ለሚኖር ተህዋስያን የተሠራ ዕቃ ግን 70፣ 85 ወይም 100 ዲግሪ ላይ ሲደርስ አንዱም አይተርፍም። ምልክት የሚሰጠው ፕሮቲን ተፈትቶ ይረጋል። ሴሉን ሊገድል የታሰበው አንቲባዮቲክ ራሱ ቀድሞ ይፈርሳል። ሌላው ቀርቶ የመራቢያው ሳህን ይቀልጣል።

የሳህኑ ነገር ትንሽ ያስገርማል። በሮበርት ኮኽ ቤተ ሙከራ በ1881 ገደማ ባክቴሪያን በጄላቲን ላይ ማሳደግ ያስቸግር ነበር፤ በ37 ዲግሪ ይቀልጣልና። መፍትሔውን ያመጡት ፋኒ ሄስ ናቸው፤ ከባሕር አረም የሚገኘውንና ለጣፋጭ ምግብ የሚጠቀሙበትን አጋር ለተመራማሪው ባለቤታቸው ለዋልተር ሄስ ጠቆሙ። እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው የባክቴሪያ ሳህን ከዚያ የመጣ ነው። አጋርም በተራው 85 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ለቀናት በሙቀት ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሙቀት ወዳዶቹን የያዙት ተመራማሪዎች ሄስ የገጠሟቸው ችግር ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ዳግም ገጠማቸው፤ የወጡትም ባክቴሪያ በሚሠራው ጌላን በሚባል ሙጫ ነው፤ እሱ ማግኒዥየም ወይም ካልሲየም ሲጨመርበት በከፍተኛ ሙቀት ጠጣር ሆኖ ይቆያል። ብዙዎቹ ሙቀት ወዳዶች ኦክስጅን ጠል በመሆናቸው ሳህኑ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ታሽጎ በምድጃ መቀመጥ አለበት። በ37 ዲግሪ በአንድ ሌሊት የሚያልቀው ሥራ እዚህ ቀናት ይፈጃል።

በዚህ ዘርፍ ትልቁን ትምህርት የያዘው ግን የካናማይሲን ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ካናማይሲን ከብዙ አንቲባዮቲኮች በተሻለ ሙቀትን የሚችል ነው፤ ችግሩ ባክቴሪያን ከካናማይሲን የሚያድነው ኢንዛይም ነበር። ይህ ኢንዛይም የተገኘው በሰው አካል ሙቀት ከሚኖረው ስታፊሎኮከስ ስለሆነ ከ55 ዲግሪ በላይ አይሠራም። በ1986 አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ኢንዛይሙን በሒሳብ ከማሻሻል ይልቅ ጂኑን ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ክብ ዲኤንኤ አድርጎ ባሲለስ ስቴሮቴርሞፊለስ ለሚባል ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ ሰጠውና ካናማይሲን ባለበት ሳህን ላይ ሙቀቱን ወደ 63 ዲግሪ ከፍ አደረገ። ኢንዛይሙ ስለሚፈርስ ሁሉም ሊሞቱ ይገባ ነበር፤ ጥቂቶች ተረፉ። ጂናቸው ሲነበብ ከኢንዛይሙ አሚኖ አሲዶች አንዷ ብቻ፣ 80ኛዋ፣ ከአስፓርቲክ አሲድ ወደ ታይሮሲን ተቀይራ ተገኘች። ሙቀቱ ወደ 70 ሲወጣ ደግሞ 130ኛዋ ከትሪዮኒን ወደ ላይሲን የተቀየረችባቸው ተረፉ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1999 በቴርመስ ቴርሞፊለስ ውስጥ ያንኑ አካሄድ ተከትለው እስከ 80 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት የሚችል ምልክት አወጡ። መሣሪያውን የሠራው ተህዋሱ ራሱ ነው፤ የሰዎቹ ሥራ ሕይወትን በመሣሪያው ላይ ማስያዝ ነበር። በዚያው 1986 ሌላ የጃፓን ቡድን የቴርመስ ቤተሰብ በአካባቢው ያገኘውን ዲኤንኤ ያለ ምንም መንዘሪያና ማባበያ ወደ ውስጡ እንደሚስብ ማሳተሙ ዕድል ሆነ። ቴርመስ ቴርሞፊለስ የዘርፉ የመጀመሪያ ታዛዥ ተህዋስ የሆነው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ከቴርመስ አልፎ 85 እና 100 ዲግሪ ወደሚወዱት አርኬያ ሲኬድ መንገዱ ይጠባል። አርኬያ ባክቴሪያ አይደሉም፤ የሴል ግድግዳቸውም ፕሮቲን ማምረቻቸውም ስለሚለይ አብዛኛው አንቲባዮቲክ አይነካቸውም። የተገኘው መውጫ ከሐኪም ቤት ነው የመጣው። የአርኬያ ሽፋን የሚሠራው የእኛ ጉበት ኮሌስትሮልን ለመሥራት በሚጀምርበት በዚያው የኬሚካል መስመር በመሆኑ ለልብ ሕመምተኞች የሚታዘዘው ሲምቫስታቲን አርኬያን ይገድላል። መድኃኒቱ የሚያግደውን ኢንዛይም አብዝቶ የሚያመርት ጂን የተሰጠው ሴል ግን ይተርፋል። በ2007 ይህ በቴርሞኮከስ ኮዳካሬንሲስ ላይ ተሠራ፤ በጃፓን ካጎሺማ ውስጥ በምትገኘው ኮዳካራ ደሴት የተገኘና በ85 ዲግሪ የሚመቸው ፍጡር ነው። ሌላው ዘዴ ከእርሾ ጥናት የተወሰደ ነው። ዩራሲል የተባለውን የአርኤንኤ ግብዓት ለመሥራት የሚያስፈልግ ጂን ያለው ሴል 5-ኤፍኦኤ የሚባል ኬሚካል ሲሰጠው ራሱን ይመርዛል፤ ጂኑ የሌለው ይተርፋል፤ ዩራሲል ሲከለከል ደግሞ ተገላቢጦሽ ይሆናል። በአንድ ጂን ሁለት ወገን መምረጥ ይቻላል ማለት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ምልክቱን ማውጣትም ይቻላል፤ ይህን ኋላ እንፈልገዋለን።

አንዳንዴ እንቅፋቱ ሙቀት ጨርሶ አይደለም። ከካምቻትካ ፍል ውሃ የተገኘው ካልዲሴሉሎሲረፕተር ቤሲ ያልተዘጋጀ ሣርና እንጨት የሚፈጭ፣ 75 ዲግሪ አካባቢ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ለነዳጅ ተመራማሪዎች ከወርቅ ይበልጣል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዲኤንኤ ሊያስገቡበት ሲሞክሩ እምቢ አለ። ምክንያቱ ባክቴሪያው የባዕድ ዲኤንኤን የተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል እያየ የሚቆርጥ ኢንዛይም ያለው መሆኑ ነው፤ የራሱን ዲኤንኤ የሚያድነው በእነዚያ ቦታዎች ላይ ሚቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት በማድረግ ነው። በ2012 ምልክቱን የሚያደርገውን የባክቴሪያውን ኢንዛይም አምርተው፣ የሚያስገቡትን ዲኤንኤ ቀድመው በእሱ ምልክት ሲያደርጉበት ተቀበለ። ለአንድ ዝርያ የተፈታው ለቀጣዩ አይሠራም፤ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። የዘርፉ አዝጋሚነት ከስንፍና እንዳልመጣ የሚያሳየው ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ምን አስገኘ ቢባል ከነዳጅና ከገንዘብ በፊት አንድ የንጹሕ ዕውቀት ምሳሌ ማቅረብ እመርጣለሁ። ሪቨርስ ጋይሬዝ የሚባል ኢንዛይም በ1984 ሰልፎሎበስ ከሚባል ሙቀት ወዳድ አርኬያ ተገኘ፤ ሥራው የዲኤንኤን ጥምዝ ማጥበቅ ነው። ጄኖሞች መነበብ ሲጀምሩ ከ80 ዲግሪ በላይ የሚኖሩት ሁሉ እንዳላቸው፣ ከዚያ በታች ያሉት ግን በአብዛኛው እንደሌላቸው ታየ። በ2002 ፈረንሳዊው ፓትሪክ ፎርቴር ይህ የከፍተኛ ሙቀት ወዳዶች ብቻ መለያ የሆነ ብቸኛ ፕሮቲን መሆኑን ጻፉ። ከዚያ በመነሳት በከፍተኛ ሙቀት መኖር ያለዚህ ኢንዛይም አይታሰብም ማለት ቀላል ነበር፤ ስለ ሕይወት አመጣጥ የሚከራከሩ ሰዎችም ተደገፉበት። ግን ጎጆ ውስጥ ካሉት ቋሚዎች ምሰሶው የትኛው እንደሆነ የሚያረጋግጠው መንቀል ነው። በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች በቴርሞኮከስ ኮዳካሬንሲስ ላይ ያንን አደረጉ፤ ጂኑን ቆርጠው አወጡት። ፍጡሩ አልሞተም። እድገቱ ዘገየ፣ ሙቀቱ በጨመረ መጠን ባሰበት፣ 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ ላይ ግን ማደግ አቃተው። መልሱ አዎም አይደለም አይደለምም አይደለም፤ ኢንዛይሙ ለከፍተኛው ጫፍ ያስፈልጋል እንጂ ሙቀት ወዳድ ሆኖ ለመኖር ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ብዙ ጄኖም ማንበብ ይህን ልዩነት ሊያወጣው አይችልም ነበር፤ ያወጣው አንድ መቁረጥ ነው። ያውም መቁረጫው በዚያው ተህዋስ ላይ የተሳካው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2003 ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎችን አውቃለሁ። የመጀመሪያው ከታክ ታሪክ የሚነሳ ነው፦ ኢንዛይሙን ከፈለግህ ጂኑን ወደ ኢ. ኮላይ ገልብጠህ አምርት፤ ከግትር ፍጡር ጋር ምን አታገለህ? ለአንድ ነጠላ ኢንዛይም ይህ ትክክል ነው፤ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሙቀት ቻይ ኢንዛይሞች እንዲህ ነው የሚመረቱት። ግን ኢ. ኮላይ የአርኬያን ኢንዛይም ብዙ ጊዜ በትክክል አጥፎ አይሠራም፤ ብረት ወይም የተለየ ረዳት ሞለኪውል የሚሹትን ደግሞ ባዶ ያወጣቸዋል። ከሁሉ በላይ፣ የምንፈልገው አንድ ኢንዛይም ሳይሆን አሥር ኢንዛይሞች ተቀባብለው የሚሠሩት ሥራ ሲሆን፣ ወይም ሥራው ያልታወቀ ጂን ሲሆን፣ ወደ ባዕድ ቤት መገልበጥ ምንም አይነግረንም። ሪቨርስ ጋይሬዝን ኢ. ኮላይ ውስጥ ማምረት ስለ 90 ዲግሪ ጥያቄ አንዳች አይመልስም። ሁለተኛው ተቃውሞ አዲስ ነው፤ ኮምፒውተር የፕሮቲንን ቅርጽ ከፊደሉ ብቻ መተንበይ ከጀመረ ወዲህ ሙከራው ቀስ በቀስ ይቀራል ይላል። ቅርጽ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ቅርጹ የታወቀ ፕሮቲን ሲጎድል ሴሉ ይሞታል ወይስ ይዘገያል የሚለውን አይመልስም። ትንበያው በበዛ ቁጥር የሚፈተነውም ይበዛል፤ ይህም የመሣሪያውን ፍላጎት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከባድ ሆኖ የማየው የኢንዱስትሪውን ጥያቄ ነው። ለሙቀት ወዳዶች የሚቀርበው ማስታወቂያ ማራኪ ነው፦ በ70 ዲግሪ ጋን ውስጥ ተራ ባክቴሪያ ገብቶ ምርቱን አያበላሽም፣ ግዙፉን ጋን ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል፣ ኢታኖል 78 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ማጣራቱ ይቀላል። ውጤቶችም አሉ። በ2008 ቴርሞአናኤሮባክቴሪየም ሳካሮሊቲከም የአሲድ መስመሮቹ ተቆርጠውበት ከስኳር ኢታኖልን ብቻ በሚያስብል ደረጃ እንዲያመርት ተደረገ። በ2013 በ100 ዲግሪ የሚፋፋው ፓይሮኮከስ ፉሪዮሰስ ከሌላ ሙቀት ወዳድ አምስት ጂኖች ተጨምረውለት፣ ሙቀቱ ወደ 70ዎቹ ሲወርድ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሃይድሮጅንን ተጠቅሞ ለፕላስቲክ ግብዓት የሚሆን አሲድ ሠራ። በ2014 ደግሞ ካልዲሴሉሎሲረፕተር ቤሲ ያልተዘጋጀ ስዊችግራስ የተባለ ሣር በልቶ በቀጥታ ኢታኖል አወጣ። ቁጥሩ ሲታይ ግን በሊትር ከአንድ ግራም በታች ነው፤ ይህን የሚገዛ ፋብሪካ የለም። በዚያ ላይ ኢታኖል የሚሠራው ጂን የተወሰደው ከክሎስትሪዲየም ቴርሞሴለም፣ 60 ዲግሪ ከሚመቸው ባክቴሪያ ስለሆነ ሙከራው ከካልዲሴሉሎሲረፕተር ቤት በታች፣ በ65 ዲግሪ፣ መካሄድ ነበረበት። እርሾ ዛሬም ገበያውን ይመራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የእኔ ፍርድ ግን እነዚህ ቁጥሮች የሚያሳዩት የሐሳቡን ከንቱነት ሳይሆን የመሣሪያውን ድህነት ነው የሚል ነው። እርሾ ለሺህ ዓመታት በሰው እጅ ያለ፣ ጂኑን መለወጥ ከተጀመረም ከ1978 ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው የሠራበት ፍጡር ነው። ቤሲን ግን መለወጥ የተቻለው ከ2012 ወዲህ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ተሸነፈ ማለት ሩጫው ሳይጀመር ውጤት መለጠፍ ነው። ስለ ነዳጅ የሚሰጠው ተስፋ ከልክ ያለፈ መሆኑን ግን ለማስታወቂያ ጸሐፊዎቹ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ለውጥ እያፋጠነ ያለው ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ የሚቆርጠው የክሪስፐር ዘዴ ነው፤ እሱም ቢሆን በዚህ ዘርፍ እንደ ሌላው ቦታ አልተዘረጋም። ታዋቂው የካስ9 መቀስ ከስትሬፕቶኮከስ የመጣ በመሆኑ ከ45 ዲግሪ በላይ አይሠራም። እንደ ካናማይሲኑ ሁሉ መፍትሔው የተገኘው ከሙቀት ወዳዶቹ ቤት ነው፦ በ2017 የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ከኮምፖስት ከተለየ ጂኦባሲለስ ከ20 እስከ 70 ዲግሪ የሚቆርጥ ካስ9 አወጣ፤ በዚያው ዓመት የጄኒፈር ዳውድና ቤተ ሙከራ በካሊፎርኒያ ከሌላ ጂኦባሲለስ ተመሳሳዩን አገኘ። በተያያዘ የሚነሳውን የደኅንነት ሥጋት ችላ ማለት አይገባም። በ70 ዲግሪ የሚኖር ፍጡር በሰው አካል ውስጥ አይራባም፤ ይህ ማጽናኛ ነው፣ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ኮምፖስትም ፍል ውሃም በተፈጥሮ አሉ፤ የካናማይሲን መቋቋሚያ ጂንም ከአንድ ተህዋስ ወደ ሌላው ሊዘዋወር ይችላል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የዩራሲል ዘዴ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ የመጨረሻው ፍጡር አንዳች የአንቲባዮቲክ ጂን ሳይኖረው እንዲወጣ ያደርጋል። ደኅንነቱም የተሻለ መሣሪያ ይጠይቃል ማለት ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ሙቀትን፣ ጨውንና አሲድን በአንድ ቦታ ያከማቸ ምድር ነው፤ በ2019 ሁለት የውጭ ቡድኖች በተለያዩ መጽሔቶች ጽፈው አንዱ እጅግ ትናንሽ ተህዋስያን አገኘሁ ሲል ሌላው በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም፣ በአካባቢያቸው ባሉት ግን አርኬያ ሞልተዋል አለ። ከስምጥ ሸለቆው ዳር እስከ ዳር ፍል ውሃ አለን። የሎውስቶንን ታሪክ የሰማ ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ሀብታችን እንዳይዘረፍ ነው፤ ተገቢ ነው። የጄኔቲክ ሀብትን አጠቃቀም የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ወጥቷል፤ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 የሆላንዱን የጤፍ ፓተንት ውድቅ እስኪያደርግ ድረስ ያየነው ጣጣ ሕጉ ለምን እንደሚያስፈልግ አስተምሮናል። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው ሊወሰድ የሚችለውን ነው፤ ምን እንዳለን የሚነግረን ደግሞ ሕግ አይደለም። ተህዋሱን ለይቶ ዘሩን ማስቀመጥና ጄኖሙን ወደ ውጭ ልኮ ማስነበብ ዛሬ ለማንም ዩኒቨርሲቲ ይቻላል። ጂን ቆርጦ ምን እንደሚሆን ማየት ግን ጌላን ሳህን፣ አየር አልባ ጋን፣ ሙቀት ቻይ ምልክትና በተለይም አምስትና ስድስት ዓመት በአንድ ግትር ፍጡር ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ይጠይቃል። መጀመሪያውን ከራሳችን ምንጭ በተገኘ ዝርያ ላይ መሞከር ግዴታ አይደለም፤ ቴርመስ ቴርሞፊለስ ዲኤንኤን ራሱ የሚስብ፣ ኦክስጅን የማይፈራ፣ ምልክቶቹም የታወቁ ፍጡር ስለሆነ መለማመጃ ይሆናል፤ ዕቃዎቹም በዘርፉ ካሉት ርካሾቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከስምጥ ሸለቆ የወጣ አንድ ዝርያ ዲኤንኤ አልቀበልም ሲል፣ የሚቆርጠው ኢንዛይሙ የትኛውን ቅደም ተከተል እንደሚያይ የሚፈትሽ ሰው እዚሁ ይኖራል።